አልባይክ፦ የጂዳው የዶሮ ቤት እንዴት አደገ? እኛስ ምን እንማራለን?



ባለፈው የሴሚስተር እረፍት ከጀመዓችን ስምንት ልጆች ሆነን ዶርዜ ወጥተን ነበር። ዶርዜ የሄደ እንደሚያውቀው ለእንግዳ ቆጮ በማርና በዳጣ ይቀርባል፤ ያንን ጠግበን በልተናል፣ አልሐምዱሊላህ። ሥጋ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአካባቢው ሙስሊም ጥቂት ስለሆነ ሐላል ሥጋ የሚሸጥ ቤት ማግኘት ይቸግራል። አርባ ምንጭ ከተማ ቢሆን ዓሣ አለልን፤ ዓሣ “ማን አረደው?” አያስብልም። ስለዚህ ሲቀላ ካለ አንድ ሙስሊም ቤተሰብ ድስት ተውሰን ወጣን፤ ከገበያ አንድ አውራ ዶሮ ገዛን፤ ማረድ የሚያውቀው ወንድማችን ቢስሚላህ ብሎ አረደው፤ ያረፍንበት ግቢ እናትም ምድጃቸውን ለቀቁልን።

ዶሮው ግን አልበስል አለ። ከረፋዱ አራት ሰዓት የተጣደው ዶሮ፣ ዙህር ሰግደን ስንመለስም እንደ ጎማ ነበር። እናትየው እየሳቁ፣ “እዚህ ደጋ ላይ ዶሮ አይቸኩልም፤ እናንተም አትቸኩሉ ልጆቼ” አሉን።

አብሮን የአንዱ ጓደኛችን ታላቅ ወንድም ነበር። ጂዳ ለዓመታት ኖሯል፤ በአንድ ትንሽ የብሮስት ቤት ወጥ ቤት ውስጥም ሠርቷል። ድስቱን እያየ፣ “ጂዳ ቢሆን ይሄኔ በልተን ሁለተኛ አዝዘን ነበር” አለና ስለ አልባይክ ያወራን ጀመር። ሐጅ ወይም ዑምራ ደርሶ የተመለሰ ዘመድ ያለው ሁሉ ይህን ስም ሳይሰማ አይቀርም። እኛም ግቢ ከተመለስን በኋላ ነገሩን እያነበብን አጣራን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ውጤት ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አባት ጀመረ፣ ልጆች አሳደጉ

አልባይክን የመሠረተው ሸኩር አቡ ገዛላህ ይባላል። በ1974 ጂዳ ውስጥ አንድ የዶሮ ቤት ከፈተ። በግፊት የሚጠበሰው “ብሮስት” ዶሮ በዚያን ጊዜ በሳዑዲ ገና አዲስ ነገር ነበር። ሥራው ሁለት ዓመት ሳይሻገር ሸኩር በካንሰር ታሞ በ1976 ወደ አኼራ ሄደ፤ አላህ ይዘንለት። ቤቱ በልጆቹ በኢሕሳንና በራሚ እጅ ወደቀ።

ብዙ የቤተሰብ ንግድ አባት ሲሞት አብሮ ይሞታል። ምክንያቱም ሙያው፣ ደንበኛው፣ አቅራቢው ሁሉ ያለው በአባትየው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ወንድማማቾቹ ያደረጉት ነገር ሥራውን ከአንድ ሰው ጭንቅላት አውጥቶ ወደ ሥርዓት መለወጥ ነበር። በ1980ዎቹ የራሳቸውን የቅመም ድብልቅ አዘጋጁ፤ ኩባንያው 18 ዓይነት ቅመም አለበት ይላል። በ1986 ደግሞ “አልባይክ” የሚለውን ስም በንግድ ምልክትነት አስመዘገቡ። “ባይክ” ከቱርክ የመጣ የማዕረግ ስም ነው፤ “የተከበሩ” እንደማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ስናነብ በጣም የገረመን የእድገቱ ፍጥነት ሳይሆን ዝግታው ነው። አልባይክ ለረጅም ዓመታት የሚታወቀው በምዕራብ ሳዑዲ ነበር፤ በጂዳ፣ በመካ፣ በመዲና። ስሙ ግን ከቅርንጫፎቹ ቀድሞ ዓለምን ዞረ። ከሁሉም አገር የመጣ ሑጃጅ በልቶ፣ ነጭ ሽንኩርት ማባያውን አመስግኖ፣ አገሩ ገብቶ ያወራል። ማስታወቂያው ሐጅ ሆነለት ማለት ነው። እንዲህም ሆኖ ከሳዑዲ ውጭ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ የከፈተው በ2020 በባሕሬን ነው፤ በ2021 ደግሞ ዱባይ ገባ። ከ1974 እስከ 2020 ያለውን ስንቆጥር 46 ዓመት ነው። ድንበር ለመሻገር 46 ዓመት ጠበቀ።

ብሮስት ምንድን ነው? የዶርዜ ዶሮስ ለምን አልበሰለም?

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ክፍላችን እንግባ። ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው፤ ጂዳ እንዲያ ናት። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፣ ውኃውም ቀድሞ ይፈላል። አርባ ምንጭ ላይ 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከ2,500 ሜትር በላይ የሆነው ዶርዜ ላይ ደግሞ 91 ወይም 92 ሲደርስ ይንተከተካል። ክዳኑ በተከፈተ ድስት ውስጥ እሳቱን የፈለገውን ያህል ብናነደው ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ትርፉ እንጨት መጨረስ ነው። የአውራ ዶሮ ጅማት ደግሞ ለመላላት ሙቀትም ጊዜም ይፈልጋል። ስምንት ዲግሪ ሲጎድል የጎደለውን የምንከፍለው በሰዓት ነው። የዶርዜዋ እናት በልምድ ያወቁት ይህንኑ ነው።

“ግን ብሮስት የሚጠበሰው በዘይት ነው፣ ዘይት ደግሞ ከ150 ዲግሪ በላይ ይሞቃል” የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ነገር ግን ሥጋው ውስጥ ያለው ውኃ ነው። ሥጋው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ውስጡ ከውኃው መፍያ በላይ መሞቅ አይችልም። ስለዚህ በተራ መጥበሻ ውጩ ሲያር ውስጡ ጥሬ ሊሆን ይችላል።

በ1950ዎቹ አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ “ብሮስተር” የተባለ መሣሪያ የተሠራው ለዚህ ነው። ዘይቱ ውስጥ ዶሮው ይገባል፣ ክዳኑ ይቆለፋል። ከሥጋው የሚወጣው እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ግፊት ይፈጥራል። ግፊቱ ከውጭው አየር በአንድ ከባቢ አየር ያህል ሲበልጥ፣ ባሕር ጠለል ላይ የውኃው መፍያ ወደ 120 ዲግሪ ይወጣል። በዶርዜ ከፍታ እንኳን ወደ 116 ይደርሳል። ዶሮው ቶሎ ይበስላል፣ ውኃውን ይዞ ስለሚቆይም አይደርቅም። ዛሬ በዓረቡ ዓለም “ብሮስት” የምግብ ስም ሆኗል፤ መጀመሪያ ግን የማሽን ስም ነበር።

አንድ አደራ፦ በቤት ውስጥ የምንጠቀምበት የግፊት ድስት የተሠራው ለውኃ ነው። ዘይት ሞልቶ በእሱ ለመጥበስ መሞከር ለሕይወት አደገኛ ነው። ማንም እንዳይሞክረው።

የኬንታኪው ሰውዬ

የግፊት ዘዴውን ከአልባይክ በፊት የተጠቀመበት የኬኤፍሲ መሥራች ሃርላንድ ሳንደርስ ነው። በ1930 ኬንታኪ ግዛት ኮርቢን በምትባል ትንሽ ከተማ በነዳጅ ማደያ ውስጥ ለመንገደኛ ምግብ መሸጥ ጀመረ። ዶሮ በመጥበሻ ለማዘጋጀት ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጅበት ስለነበር የግፊት ድስትን ለመጥበሻነት አስተካክሎ ተጠቀመ። በ1940 ገደማም 11 ቅመም ያለውን ድብልቁን አጠናቀቀ።

ሥራው ደህና እየሄደ ሳለ በ1950ዎቹ አዲስ አውራ ጎዳና ተሠራና ከቤቱ ራቅ ብሎ አለፈ። መንገደኛው ጠፋ። ሳንደርስ በስልሳዎቹ ዕድሜው ቤቱን በጨረታ ሸጦ፣ ድስቱንና ቅመሙን መኪናው ላይ ጭኖ በየከተማው ምግብ ቤት ማንኳኳት ጀመረ። ስምምነቱ ቀላል ነበር። ባለቤቱ በእሱ ዘዴ ይጠብሳል፣ ለሚሸጠው ለእያንዳንዱ ዶሮ ጥቂት ሳንቲም ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ባለ ስምምነት በ1952 በሶልት ሌክ ሲቲ የነበረው ፒት ሃርማን ነው። በ1964 ሳንደርስ ኩባንያውን በ2 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ከ600 በላይ ቤቶች ነበሩ። ኬኤፍሲ በ1987 ቤጂንግ፣ በ2011 ናይሮቢ ገባ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ስናያቸው መንገዳቸው ይለያያል። ሳንደርስ ስሙንና ዘዴውን ለሌሎች አከራይቶ በፍጥነት ተስፋፋ። የአቡ ገዛላህ ልጆች በቤተሰባቸው እጅ ይዘው በዝግታ ሄዱ። አንድ የሚያደርጋቸው ግን አለ። ሁለቱም የሚሸጡት ዛሬ የተበላው ነገና በሌላ ከተማ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲገኝ የሚያደርግ ሥርዓት ነው።

ይህን እኛም አናውቀውም አይባልም። የአገራችን ዶሮ ወጥ በ12 ብልት ይወጣል፤ አሥራ ሦስትም አሥራ አንድም አይደለም። የዶርዜ ሸማኔ ሽሮ ሜዳ ሄዶ ቢሠራ ጥለቱ ከመንደሩ ጥለት እንዳይለይ አባቱ ከልጅነቱ አስተምሮታል። መለኪያ ማክበር ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። በሃይማኖታችንም ሚዛን ማጉደል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያስተምር፣ በእነዚያ ሰዎች ስም የተሰየመ ሙሉ ሱራ አለ፤ ሱረቱል ሙጠፊፊን።

ምስጢሩ ቅመሙ ነውን?

ወንድማችንን እዚያው ምድጃው ዳር፣ “አርባ ምንጭ ላይ የብሮስት ቤት ክፈት ብትባል ምን ያስፈልግሃል?” ብለን ጠየቅነው። ቅመሞቹን ይዘረዝራል ብለን ነበር። እሱ ግን ደብተር ተቀብሎን መጀመሪያ የጻፈው፣ “በየቀኑ እኩል ኪሎ ያላቸው ዶሮዎች” የሚል ነው።

ምክንያቱን አስረዳን። ማሽኑ የሚሠራው በደቂቃ ነው። አንዱ ዶሮ አንድ ኪሎ፣ ሌላው ሁለት ኪሎ ከሆነ አንዱ ይደርቃል፣ ሌላው አጥንቱ ሥር ደም ይኖረዋል። ለሥጋ የተዳቀለ ዶሮ በስድስት ሳምንት አካባቢ ሁለት ኪሎ ገደማ ይደርሳል፤ ሁሉም በአንድ ቀን የተፈለፈሉ፣ አንድ መኖ የበሉ ስለሆኑ ክብደታቸው ይቀራረባል። የገበያችን የሐበሻ ዶሮ ግን ግቢ ለግቢ ጭሮ የሚያድግ ነው። ጣዕሙ ግሩም ነው፤ ዕድሜውንና ክብደቱን ግን የሚያውቅ የለም። ለዶሮ ወጥ ይህ ችግር አይደለም፣ ምክንያቱም እናቶቻችን እያዩ ያበስላሉ። ለሰንሰለት ምግብ ቤት ግን ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ የጻፈው መኖ፣ ማረጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር፣ ዘይት የሚለወጥበት ቀን ነው። ቅመም የመጣው በመጨረሻ ነው። “ቅመም ከየትም ይገኛል” አለ።

የኬንያ ታሪክ እሱ ያለውን ያጠናክራል። በጥር 2022 የኬንያ ኬኤፍሲ የድንች ጥብስ አለቀበት። ድንች በሚያመርት አገር ድንች የጠፋው ኩባንያው ከውጭ ያስመጣ ስለነበርና ጭነቱ በመርከብ መዘግየት ስላልደረሰ ነው። ከአገር ውስጥ እንዳይገዛ ደግሞ አቅራቢዎች ማለፍ ያለባቸው የጥራት ምርመራ ነበረ። ሕዝቡ ተቆጣ፣ ኩባንያውም ከአገሬው ገበሬ ለመግዛት እንደሚሠራ ተናገረ። ከጨንቻና ከዶርዜ ደጋ በየገበያው ቀን የሚወርደውን ድንች ለምናይ ለእኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ድንች መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ በየሳምንቱ በእኩል መጠንና ጥራት የሚያስረክብ ሰው ሲኖር ነው ድንቹ ወደ ሰንሰለቱ የሚገባው።

በአገራችን የዶሮው ጫፍ ተጀምሯል። ቢሾፍቱ ለረጅም ጊዜ የዶሮ እርባታ ማዕከል ናት። በ2010 የተመሠረተው ኢትዮ ችክን ደግሞ የአንድ ቀን ጫጩት አስፈልፍሎ ለአሳዳጊዎች ይሰጣል፤ እነሱ በክትባትና በመኖ ለሳምንታት ካሳደጉ በኋላ ለገበሬው ይሸጣሉ። ኬኤፍሲ ያለበት ኩባንያ ሌላው ስሙ ፒዛ ሃትም በ2018 አዲስ አበባ ገብቷል። ስለዚህ “እዚህ አገር አይሆንም” የሚለው ወሬ ጊዜው እያለፈበት ነው። ጥያቄው ሲመጣ እኛ የምንቆመው ካሸሩ ፊት ለፊት ብቻ ነው ወይስ ከጀርባም ነው?

“ሐላል” የሚለው ጽሑፍ ከምን ይሠራል?

ዶርዜ ላይ የበላነው ዶሮ ሐላል መሆኑን እንዴት አወቅን? አራጁን በዓይናችን አየነው፤ ወንድማችን ነው። ትንሽ ከተማ ላይም እንዲሁ ነው፤ ሥጋ ቤቱን፣ ባለቤቱን፣ አባቱን እናውቃለን። እምነታችን የቆመው በሚታወቅ ፊት ላይ ነው።

ምግብ ቤት ወደ ሰንሰለት ሲያድግ ያ ፊት ይጠፋል። በዓለም ላይ ዶሮ በብዛት ወደ ውጭ የምትልከው ብራዚል ናት፤ ሳዑዲን ጨምሮ ብዙ ሙስሊም አገሮች ከእሷ ይገዛሉ። በእንዲህ ዓይነቱ ቄራ በቀን የሚታረደው እጅግ ብዙ ስለሆነ ጥያቄዎች ይነሳሉ። በማሽን ቢላ የታረደው እንዴት ይታያል? ከመታረዱ በፊት የሚደነዝዘውስ? ዑለማዎች በእነዚህ ላይ ሰፊ ውይይት አላቸው፤ ፍርዱን ለዑስታዞቻችን እንተወዋለን። ለእኛ ጎልቶ የታየን ግን ይህ ነው፦ ፊት ሲጠፋ በቦታው አማናን የሚሸከም አሠራር መግባት አለበት። የአራጁ ማንነት፣ የታረደበት ቀን፣ ያጓጓዘው መኪና፣ ከሌላ ሥጋ ጋር አለመቀላቀሉ፣ ይህ ሁሉ ሊመረመር በሚችል መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። አለበለዚያ በር ላይ የተለጠፈው “ሐላል” ቀለም ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ ይህን ሥራ ታውቀዋለች። በሞጆና በቢሾፍቱ ያሉ የኤክስፖርት ቄራዎች ፍየልና በግ በሐላል አርደው፣ አቀዝቅዘው፣ በአውሮፕላን ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይልካሉ። ጂዳ ያለ ሰው የቦረናን ፍየል ሐላልነቱ ተረጋግጦለት ይበላል፤ እኛ ደግሞ ዶርዜ ላይ ድስት ተሸክመን እንወጣለን!

ወደ ግቢያችን ስንመለስ

ሕልም ብቻ እንዳይሆን እውነቱን እንነጋገር። አርባ ምንጭ ላይ የሙስሊም ዶሮ ቤት ቢከፈት ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በአብዛኛው አይበሉበትም፤ እኛም የእነሱን እንደማንበላው ሁሉ ነው። ይህ የቆየ፣ በመከባበር የምንኖርበት ልማድ ነው፤ ደንበኛን ግን ያሳንሳል። ስለዚህ ከመካከላችን አንዱ፣ “ታዲያ ለምን በዓሣ አንጀምርም?” ሲል ሁላችንም ዝም አልን። ዓሣ ሁሉም ይበላዋል። አልባይክም ከዶሮ ሌላ ዓሣና ሽሪምፕ ይሸጣል። ከሐይቁ ዓሣ፣ ከደጋው ድንች፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ዶሮ። የጫሞ ዓሣ ግን ከልክ በላይ እየተጠመደ መሆኑን ሁላችንም እንሰማለን፤ እሱንም ከሒሳብ ማስገባት ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የነካን ግን የወንድማችን ጉዳይ ነው። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። እሱም ከእነሱ አንዱ ነው። ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። የብሮስት ማሽን ፈትቶ መግጠም፣ የዘይት ሙቀት በዓይን መለየት፣ በቀን ስንት ዶሮ ምን ያህል ዱቄት እንደሚፈጅ መተመን ይችላል። “ከመጣሁ ጀምሮ ምን ይዘህ መጣህ ያለኝ ብዙ ነው፤ ምን ትችላለህ ያለኝ ግን የለም” አለን። እኛ አራት ዓመት ሙሉ ስለ ግፊትና ሙቀት ተምረን ማሽኑን በዓይናችን አላየንም፤ እሱ ማሽኑን እንደ እጁ መዳፍ እያወቀው ስሌቱን የሚያግዘው አላገኘም። በመካከላችን ያለው ርቀት ከግቢያችን በር እስከ ባጃጅ ተራው ነው።

ስለዚህ ከአሚራችን ጋር ተነጋግረን በሚቀጥለው የጀመዓው የውይይት ፕሮግራም ላይ በእንግድነት ጋብዘነዋል። የመካኒካልና የኤሌክትሪካል ልጆች የማሽኑንና የመብራቱን፣ የግብርና ልጆች የመኖውንና የጫጩቱን፣ የአካውንቲንግ ልጆች የወጪውን ስሌት ይዘው እንዲመጡ እንጠይቃለን። እህቶችም በተለይ እንዲገኙ አደራ እንላለን፤ በየቤታችን ዶሮን በ12 ብልት የሚያወጡትና ቅመም የሚመጥኑት እናቶቻችንና እህቶቻችን ናቸው። ከዚህ ስብሰባ ነገ ምግብ ቤት አይወጣም፤ ሌላው ወገን 46 ዓመት ጠብቋል። ነገር ግን አንዲት ገጽ ትክክለኛ ሒሳብ ከወጣች ለእኛ ብዙ ነው።

የዶርዜው አውራ ዶሮ መጨረሻው ምን ሆነ ለምትሉ፣ ዐስር ሰግደን ስንመለስ በስሎ አገኘነው። ለስምንት ሰው አንድ ዶሮ ምን ያህል እንደሚደርስ መገመት ይቻላል፤ ግን በረካ ነበረው። እናትየው ድስቱን አጥበን ስንመልስ አይተው፣ “ሌላ ጊዜ ስትመጡ ጠዋት ጣዱት” አሉን። ኢንሻአላህ፣ ሌላ ጊዜ ክዳኑ የሚቆለፍ ድስት ይዘን እንወጣለን።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለበት ያድርግልን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።